ዛፉ ላይ የታሰረው መንፊያ

ሽማግሌው ካላማዳሪውን ወደ ጉንጫቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አጠገባችን ባጃጅ ይንጫጫል፤ የሚኒባስ ረዳት «ፔዳ! ፔዳ! የሞላ!» እያለ ይጣራል። እሳቸው የሚያዳምጡት ግን በጆሯቸው አይደለም። የተነፋውን ጥቁር ላስቲክ በሁለት እጃቸው እያዞሩ ጉንጫቸው አጠገብ ቀስ አድርገው ሲያሳልፉት ቆዩና አንድ ቦታ ላይ እጃቸው ቀጥ አለ። «እዚች ጋ ናት» አሉ። ለማረጋገጥ ወገቡ ላይ የተቆረጠ፣ ውኃ የሞላ ጀሪካን ውስጥ ነከሩት። እውነትም መርፌ የወጋት የምትመስል ቀዳዳ አረፋ ትተፋ ጀመር።

የሳይክሉ ባለቤት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች፤ ፈተና አላት።

«ጋሼ፣ ትናንትና እኮ ነው ሌላ ቦታ ያስጠገንኩት።»

«የጠገነልሽ ሰው ቀዳዳውን እንጂ እሾሁን አልፈለገም፣ የኔ ልጅ።»

ይህን ብለው የጎማውን ሆድ በጣታቸው ጫፍ እየዳሰሱ ዞሩት። ሦስት አራተኛውን እንዳለፉ ፊታቸው ተኮሳተረ። ከግራር እሾህ የተሰበረች ጫፍ ላስቲኩ ውስጥ ተቀብራ ኖሯል፤ በጥፍራቸው ነቅለው መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው አሳዩዋት። ከዚያ የቀረው የእጅ ሥራ ነው። ቀዳዳውን አድርቀው በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት፤ ማስቲሹን ቀብተው በትንፋሻቸው እፍ እያሉ ጠበቁ። ገና እርጥብ ሆኖ ቢለጠፍ አይይዝም፤ የሚቸኩል ጎሚስታ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ከአሮጌ ካላማዳሪ የቀደዷትን ክብ ቁራጭ ለጥፈው በመዶሻ እጀታ ጠቀጠቋት፣ መልሰው ከተቱት፣ ነፉት። ልጅቷ ከፍላ ወጣች። ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ዋጋውም ሁለት ስኒ ቡና ከሚጠጣበት አይበልጥም።

እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ዛሬ ኑሮዬ ሌላ ቦታ ቢሆንም በመጣሁ ቁጥር ሽማግሌው በሚሠሩበት በዚህ ዘንባባ ሥር መቀመጥ ልማዴ ነው። ስለ ሳይክል ሲወራ ሰው የሚያነሣው መንገዱን፣ አየሩን፣ የሳይክሉን ዋጋ ነው። እኔ ግን አንዲት ከተማ በእውነት ሳይክል ትነዳ እንደሆነ ለማወቅ የምፈልገው ጎሚስታዋን ነው። ሳይክልን ከመጫወቻነት አውጥቶ የእንጀራ መሣሪያ የሚያደርገው፣ ጎማው ፈሰሰ ብሎ ሰው ከሥራ እንዳይቀር የሚያደርግ እጅ በየመንገዱ ዳር መኖሩ ነው።

ባሕር ዳር ለሳይክል የተመቸች የሆነችው በአጋጣሚና በእቅድ ነው። አጋጣሚው መሬቷ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጣና ከሚያልቅበትና አባይ ከሚጀምርበት ጥግ፣ እንደ ምጣድ ተዘርግታለች። የቤዛዊትን ኮረብታ ካልወጡ በስተቀር ላብ የሚያስጨርስ ዳገት የለም። እቅዱ ደግሞ የ1950ዎቹ ነው። በማክስ ጉተር የተመራ የጀርመን ባለሙያዎች ቡድን ለከተማዋ ፕላን ሲነድፍ ሰፋፊ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎችን አሰበላት፤ መሐላቸው ላይ የተተከሉት ዘንባባዎች ዛሬ መታወቂያዋ ናቸው። በዚያው ዘመን ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው ፖሊ ቴክኒክ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. ተከፈተ። በአንድ ጊዜ የሚገቡና የሚወጡ ብዙ ሠራተኞችና ተማሪዎች፣ ሜዳ መሬት፣ ሰፊ መንገድ፣ ጥቂት መኪና። ሳይክል ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?

አባቴ ፋብሪካው ውስጥ ፈረቃ ሠራተኛ ነበር። ጥቁር የቻይና ፎኒክስ ነበረው፤ ካቴናው ዘይት ጠጥቶ የሚያብለጨልጭ፣ ከኋላው ጤፍ የሚጫንበት ሰፊ የዕቃ መጫኛ ያለው። የቀኝ ሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ይከታል። የማታ ፈረቃ ሲሆን የፊት መብራቱ የሚበራው በዲናሞ ነው፤ ትንሿ ጠርሙስ መሰል ነገር ጎማው ላይ ተደግፋ በመሽከርከሩ ኃይል መብራት ታወጣለች። ፍጥነት ሲጨምር መብራቱ ይደምቃል፣ ሲቀንስ ይፈዛል። እናቴ አጥሩ ጋ ቆማ ከሩቅ የሚመጣውን ብርሃን አይታ እራት ታቀርብ ነበር። ደመቅ ካለ አባቴ ደህና ውሏል፤ ፈዘዝ፣ ብልጭ ድርግም ካለ ደክሞታል ማለት ነው፤ የእግሩን ውኃ ታሞቅለታለች። ሦስታችንን አንድ ላይ ይጭነን ነበር፤ እኔን ከፊት ብረቱ ላይ፣ እናቴን ታናሼን በጀርባዋ እንዳዘለች ከኋላ አፈናጥጦ። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ፣ ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ያው ሳይክል ነው።

ይህ ብረት እንዴት ይህን ሁሉ እንደሚችል የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ሰው ሲራመድ በየእርምጃው ገላውን ያነሣል፣ መልሶ ይጥላል፤ ብዙው ጉልበት የሚባክነው እዚያ ላይ ነው። ሳይክል ላይ ግን ክብደቱን መቀመጫው ተሸክሞለታል፤ እግሩ የሚሠራው ወደ ፊት ለመሄድ ብቻ ነው። ፔዳሉ ያለበት ትልቁ ጥርስ 44፣ የኋላው ትንሹ 18 ቢሆን፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ቸርኬ ሁለት ጊዜ ተኩል ገደማ ይዞራል፤ በትልቅ ጎማ ይህ ከ5 ሜትር በላይ ነው። በሰከንድ አንድ ዙር፣ ያለ ምንም ጥድፊያ፣ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። በእግር አንድ ሰዓት የሚፈጀው 5 ኪሎ ሜትር ከሃያ ደቂቃ በታች ያልቃል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ኤስ. ኤስ. ዊልሰን የተባሉ የኦክስፎርድ መሐንዲስ ክብደትን ከቦታ ቦታ ለማድረስ የሚያስፈልገውን ጉልበት ከወፍ እስከ ፈረስ፣ ከመኪና እስከ አውሮፕላን አስልተው አነጻጽረው ነበር። የሚራመድ ሰው ከመሐል የሚገኝ ነበር፤ ሳይክል ላይ ሲወጣ ግን ሁሉንም በልጦ አንደኛ ሆነ። ነዳጁ የበላው እንጀራ ነው።

ከአባይ ማዶ እየተመላለሱ ከተማ ውስጥ ከሚያስተምሩ አንዲት መምህርት ጋር አንድ ጠዋት አብረን ሄድን። የሁለት ልጆች እናት ናቸው። ሳይክላቸው የፊት ብረቱ ዝቅ ያለ፣ የሴት ሳይክል የሚባለው ነው፤ በቀሚስ ለመውጣት ያመቻል። ከፊት ቅርጫቱ ውስጥ የተማሪዎች ደብተርና የምሳ ዕቃ ተደርድሯል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ቋጥረውታል።

«እናቴ የምትፈራው መኪናውን አልነበረም» አሉኝ፣ ከጎን ለጎን እየነዳን። «ነጠላሽ ቸርኬው ውስጥ ይገባና ይጥልሻል ነበር የምትለኝ። እውነቷን ነበር፤ አንዴ ገብቶ ጥሎኛል። ከዚያ ወዲህ ሳልቋጥር አልወጣም።»

ጎረቤት ምን ይላል? አልኳቸው።

«መጀመሪያ ብዙ ብሏል። ባለትዳር ሆና፣ መምህርት ሆና እያለ። አሁን ልጃገረዶቹን አምጥተው አስተምሪልን ይሉኛል።»

ለባጃጅ ይከፍሉት የነበረውን ሂሳብ ነገሩኝ፤ ጠዋት መሄጃ፣ ማታ መመለሻ፣ በወር ሲጠራቀም የልጅ ጫማ ይገዛል። ሆኖም ገንዘቡን ያነሡት ኋላ ላይ ነው። አስቀድመው ያሉት ሌላ ነበር፤ «ሰዓቴ የራሴ ሆነ።» ባጃጅ እስኪሞላ አይጠብቁም፣ ነዳጅ ጠፋ ሲባል አይደነግጡም፣ ልጃቸው አመመው ተብሎ ቢደወል ማንንም ሳይለምኑ ይደርሳሉ። ለሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሳይክል ለወንዶች ልጆች ብቻ በሚገዛበት ቤት ሁሉ ይህን ቃል ባደርስ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልግባ። በልጅነቴ ፈረቃ ሲቀየር ከፋብሪካው የሚወጣው የሳይክል ጎርፍ መንገዱን ይሞላው ነበር፤ ባለመኪናው ነበር ጥጉን ይዞ የሚጠብቀው። ዛሬ ሳይክል አለ፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ባጃጅ በ1990ዎቹ መጣ። ባጃጅን አልጠላም፤ አሮጊቷን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ በሌሊት የታመመውን የሚያደርስ እሱ ነው። ችግሩ የሚቆምበት ቦታ ነው። የመንገዱ ቀኝ ጠርዝ፣ ሳይክል የሚሄድበት ያ ሁለት ክንድ ስፋት፣ የባጃጅ መጫኛና ማውረጃ ሆነ። ሳይክል ነጂው ወይ ወደ መሐል ይወጣል፣ ወይ ይወርዳል። ብዙው ሰው ወረደ።

እኔም አንድ ጊዜ አስፋልት ላይ ተዘርሬያለሁ። ባጃጁ ተሳፋሪ አይቶ በድንገት ወደ ቀኝ ታጠፈብኝ፤ ፍሬን ያዝኩ፣ የፊቱ ቸርኬ ቆመ፣ እኔ ግን አልቆምኩም። ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ አሁንም አለ። ሾፌሩ ልጅ እግር ነበር፤ ደንግጦ እያለቀሰ አነሣኝ። እሱን መውቀስ አልቻልኩም። ሁለታችንንም አንድ ቀጭን ጥግ ላይ ያጋፋን መንገዱ ነው። መቆሚያ ቦታ ለሱ፣ መሄጃ ቦታ ለኔ ቢኖር ኖሮ ሁለታችንም በሰላም ቤታችን እንገባ ነበር።

የፍጥነት ነገር ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። የሚሄድ ነገር ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያደርሰው የምት ኃይል እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። በ30 የመታና በ60 የመታ መኪና ልዩነቱ የስብራትና የሞት ልዩነት ነው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ስቶክሆልም ላይ የተሰበሰቡ የየሀገሩ የትራንስፖርት ሚኒስትሮች፣ እግረኛና ሳይክል ከመኪና ጋር በሚቀላቀሉበት መንገድ ፍጥነቱ ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ያወጁት።

ሰው ሆላንድን ሲያይ ሳይክል በደማቸው ያለ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነሱም መንገዱን ለመኪና አስረክበው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ ከ3,000 በላይ ሰው በመንገድ አደጋ ሞተባቸው፣ ከዚህ ውስጥ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። እናቶችና አባቶች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ1973 ነዳጅ ሲወደድ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና አገደ፤ ሰውም ጸጥ ያለውን ጎዳና አየና ወደደው። ከዚያ በኋላ የተሠራው መንገድ ነው ሆላንድን ከሕዝቧ ቁጥር የሚበልጥ ሳይክል ያላት ሀገር ያደረጋት። በሐዘን የተጀመረ፣ በበጀት የተፈጸመ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ላሉ ወዳጆቼ ይህን ሳወራ የሚመልሱልኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዳገቱስ?»

ዳገቱ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 20 ኪሎ ሳይክል ይዞ 100 ሜትር ከፍታ ሲወጣ የሚያወጣው ጉልበት፣ ሜዳ ላይ ዘና ብሎ 20 ደቂቃ ከመንዳት ጋር እኩል ነው። ከለገሃር ፒያሳ በማለዳ ወጥቶ በላብ ተነክሮ ቢሮ መግባት ለማንም አይመከርም። ግን አዲስ አበባ ሁሉ እንጦጦ አይደለም። ከለቡ ጀሞ፣ ከቦሌ ገርጂ የሚሄድ ሰው ዳገት ብሎ የሚያማርርበት ነገር ብዙ የለውም። ዳገት ላለበትም ባትሪ የሚያግዘው ሳይክል መጥቷል፤ ፔዳሉን አንተ ትመታለህ፣ ዳገቱን እሱ ይሸከምልሃል። ደግሞ እኮ በዚያች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የማያንሰው ዛሬም በእግር ነው። በዳገቱ ላይ ውሎ አዳሩን በእግሩ የሚመላለሰውን ሕዝብ ሳይክል አይችልም ማለት ምን ማለት ነው?

ከተማዋም ጨርሳ አልተኛችም። በ2011 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ዋና ዋና ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ፣ ሕፃናት መስቀል አደባባይ ላይ ሳይክል ሲነዱ አይቻለሁ፤ አንዲት እናት ከልጇ ሳይክል ኋላ ስትሮጥ ጫማዋ አስፋልቱ ላይ ቀርቶባት ነበር። ከዚያ በኋላ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ወጣ፣ ከለቡ ጀሞ የሳይክል መንገድ ተከለለ፣ በኮሪደር ልማቱ ደግሞ ቀለም የተቀቡ የሳይክል መስመሮች በብዙ ጎዳናዎች ተዘረጉ። ይህን ሳይ ልቤ ይሞላል። ነገር ግን መስመር ተቀባ ማለት መንገድ ተከፈተ ማለት አይደለም። መስመሩ መስቀለኛው ጋ ሲደርስ የሚጠፋ ከሆነ፣ መኪና የሚቆምበት ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሳይክል ታስሮ የሚውልበት ብረት ከሌለ፣ ጎማ ሲፈስ የሚጠግን ሰው በአምስት ኪሎ ሜትር ውስጥ ካልተገኘ፣ ሰው አንድ እሑድ ይሞክረውና ሰኞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይገኛል። በተለይ ጥበቃዎቻችን ይለመኑልኝ። በመኪና ለመጣ በሩን ወለል አድርገው የሚከፍቱ ሰዎች ሳይክል የያዘውን «ወዴት ነው?» ብለው የሚያቆሙት፣ ክብር ለማን እንደሚሰጥ ከኛ ስላዩ ነው።

እኛ ሳይክልን በስፖርት እናውቀዋለን። ሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ በተሳተፈችበት፣ እ.ኤ.አ. በ1956ቱ የሜልቦርን ውድድር፣ ገረመው ደንቦባ በጎዳና ብስክሌት 24ኛ ወጥቷል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እኔ የምፈልገው ግን ከሠላሳ ኪሎ ቡና ጋር የሚመጣውን፣ ከጣና ዳር አምባዛ ጭኖ ገበያ የሚሮጠውን፣ ልጁን አፈናጥጦ ትምህርት ቤት የሚያደርሰውን ሰው እንድናከብረው ነው። እሱ ሜዳሊያ የለውም፤ መንገድ ይገባዋል።

ባሕር ዳር ላይ አንድ ነገር ተለውጧል። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ከመኪናው መስመር ውጭ ለእግረኛና ለሳይክል ቦታ ተለይቶለታል። ከመምህርቷ ጋር ያን ጠዋት ያለፍነው በሱ ላይ ነው። አሮጌው ጠባብ ድልድይ ላይ ከጭነት መኪና ጋር እየተሻሹ ሲያልፉ ትንፋሻቸውን ይይዙ እንደነበር ነገሩኝ። እዚህ ግን ወሬያችንን ሳናቋርጥ ተሻገርን። ከሥራችን አባይ ከጣና እንደወጣ ገና ጸጥ ብሎ ይፈሳል፤ ጭጋጉ ከውኃው ላይ አልተነሣም ነበር። መሐሉ ላይ ስንደርስ ከፊታችን አንድ አባት ልጁን ሳይክል ያስተምራል፤ መቀመጫውን ከኋላ ይዞ ይሮጣል። «አልለቅህም፣ አልለቅህም» ይላል። ከለቀቀው ቆይቷል።

ማታ ወደ ዘንባባው ተመለስኩ። ሽማግሌው ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። መፍቻዎቹን፣ የማስቲሽ ቆርቆሮውን፣ የተረፉ ካላማዳሪዎችን በአንድ የእንጨት ሣጥን ከተው ቆለፉ። መንፊያውን ግን አልከተቱትም። ከዛፉ ግንድ ጋር በአሮጌ ካቴና አስረው እዚያው አቆሙት።

«ጋሼ፣ ይህን አይወስዱትም እንዴ?»

«ማታ የሚወጣ ሰው አለ» አሉ፣ ሣጥናቸውን ትከሻቸው ላይ እያነሡ። «የሌሊት ዘበኛው፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ከጤና ጣቢያ የምትመለሰው ልጅ። ጎማው ቢፈስበት የት ይሄዳል?»

«አይሰረቅም?»

«ከታሰረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሁለት ጊዜ ተሰብሯል፤ ሰብሮ የሚሄድ አለ፣ ጠግኖ የሚያስቀምጥም አለ። እሽ፣ ደህና ያሳድርህ።»

ትንሽ ቆሜ ቆየሁ። ብዙም ሳይቆይ የዳቦ ቅርጫት የጫነ ጎረምሳ ሳይክሉን ከዛፉ ጋር አደገፈ። ጎበጥ ብሎ የመንፊያውን አፍ ቫልቩ ላይ አጠበቀ፣ ወደ ታች ወደ ላይ ወደ ታች ወደ ላይ ነፋ። የጎማውን ጎን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሞከረና መንፊያውን እንደነበረ መልሶ አቁሞት ሄደ።